«ስንት አገባች?»

ልጄ ለትምህርት ቤቷ ቡድን መረብ ኳስ መጫወት ከጀመረች ወዲህ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ በተደዋወልን ቁጥር የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ «ስንት አገባች?» ከስንት አንዴ በሰርቪስ፣ ማለትም ጨዋታውን በሚያስጀምረው ምት፣ ካልቀናት በቀር መልሴ «ምንም» ነው። እህቴ ለአፍታ ዝም ትልና «አይዞሽ በላት፤ ገና ልጅ አይደለች፣ ታገባለች» ብላ ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት ትጀምራለች።

እህቴ ላይ አልፈርድም። ያደግነው በእግር ኳስ ነው፤ ለኛ ተጫዋች ማለት ያገባ ነው። ልጄ ግን ሊቤሮ ነች። ከጓደኞቿ የተለየ ቀለም ያለው መለያ ለብሳ ከኋላ መስመር ብቻ የምትጫወት፣ ብሎክ ለማድረግ (የተቃራኒን ምት መረቡ ላይ በእጅ ለመከልከል) መዝለል የማይፈቀድላት፣ ከመረቡ ከፍታ በላይ ያለችን ኳስ ወደ ተቃራኒ ሜዳ መምታት የተከለከለች ተጫዋች ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይህን ቦታ በይፋ ያስገባው በ1998 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው)። በዓለም አቀፉ ሕግ ሊቤሮ ሰርቪስ እንኳ አትመታም። እዚህ አሜሪካ፣ በትምህርት ቤትና በኮሌጅ፣ ተጫዋቾቹ ቦታ እየተቀያየሩ ከሚዞሩባቸው ተራዎች በአንዱ (ሮቴሽን ይሉታል) እንድትመታ ይፈቅዱላታል፤ ከስንት አንዴ ያልኩት ለዚያ ነው። ሕጉ ራሱ እንዳታገባ እጇን የያዛትን ልጅ ባገባችው መመዘን አይሆንም። ታዲያ በምን ትመዘን?

ከጨዋታ በኋላ አሰልጣኟ በስልክ መተግበሪያ ሠንጠረዥ ትልክልናለች። ወደ ታች የልጆቹ ስም፣ ወደ ጎን ቁጥር። ከላይ ኬ፣ ኢ፣ ቲ ኤ እያሉ የሚሄዱ ፊደላት። እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ ማገላበጥ ስለሆነ ቁጥር አያስደነግጠኝም። ይህን ሠንጠረዥ ግን እንደ ሒሳብ መዝገብ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። በመዝገብ ላይ የሰውየው ወጪ የሰውየው ነው። በመረብ ኳስ አንዲት ልጅ ስም ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግማሹ ከእሷ በፊት ኳሷን የነካችው ልጅ ሥራ ነው። ኳሷን መያዝ ስለማይቻል እያንዳንዱ ንክኪ የሚጀምረው ያለፈው ከተወው ቦታ ነው።

ሁሉም ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው የምቱን ዓምድ ነው። ኪል የሚባለው ምቱ በቀጥታ ነጥብ ሲሆን ነው፤ ኳሷ ወለል ስትመታ፣ ወይም ተከላካይዋ ነክታት መቆጣጠር ሲያቅታት። ስህተት ደግሞ ኳሷን ወደ ውጭ ማውጣት፣ መረብ ውስጥ መክተት፣ ወይም በተቃራኒ ብሎክ ተመልሳ እዚያው እግር ሥር ስትወድቅ ነው። ሦስተኛው ዓምድ የሙከራው ጠቅላላ ብዛት ነው፤ ኳሷን አንስተዋት ጨዋታው የቀጠለበት ምት እዚህ ይገባል። ከኪሉ ስህተቱን ቀንሰህ ለሙከራው ታካፍላለህ፤ የሚወጣው የምት ብቃት ነው።

እንዲህ ያሉ ሁለት መስመሮችን እንውሰድ። አንደኛዋ 14 ኪል፣ 9 ስህተት፣ 41 ሙከራ። ሁለተኛዋ 9 ኪል፣ 1 ስህተት፣ 20 ሙከራ። ማታ ቤት ሲገባ የሚወራው ስለ 14ቱ ነው። ሒሳቡ ግን የመጀመሪያዋን 0.122፣ ሁለተኛዋን 0.400 ያደርጋታል። የመጀመሪያዋ 41 ጊዜ ተሰጥቷት ለቡድኑ ያተረፈችው የተጣራ 5 ነጥብ ነው፤ ሁለተኛዋ በግማሽ ዕድል 8። የሚያስከስርም አለ፤ ስህተቱ ከኪሉ ከበለጠ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሠንጠረዡም ሳያፍር የመቀነስ ምልክት ያስቀምጥበታል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም አሰልጣኝ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይነግርሃል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና «ስለዚህ ሁለተኛዋ ትበልጣለች» ብሎ ይደመድማል። እኔ አልደመድምም። ሁለቱ የሚጫወቱት የት ነው?

ባለ 0.400ዋ የመሐል ተጫዋች ከሆነች፣ ኳስ የሚደርሳት የመጀመሪያው ፓስ ሲያምር ብቻ ነው። ሴተሯ (ኳሷን ለመቺዎች የምታመቻቸው ልጅ) መረቡ ሥር ቆማ ኳሷ በእጇ ላይ ስትወርድላት፣ ፈጣኑን አጭር ኳስ ለመሐሏ ትለቅላታለች፤ የተቃራኒዋ ብሎክ መሬት ሳትለቅ ነገሩ ያልቃል። ፓሱ ተበላሽቶ ሦስት ሜትሩ መስመር ላይ ወይም ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ሲሄድ ግን ሴተሯ እየሮጠች ሄዳ ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ነው፤ ኳሷን ከፍ አድርጋ ወደ ግራ ክንፍ መወርወር። ግራ ክንፍ ላይ ያለችው ባለ 14ቷ ልጅ ነች። ኳሷ ከሰማይ እስክትወርድ ሁለት ረጃጅም ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ፊቷ ይቆማሉ። ክፉ ክፉው ኳስ ሁሉ የእሷ ነው። 0.122 የልጅቷ ክንድ ነው ወይስ የቡድኑ የሰርቪስ ቅበላ? ከመስመሩ ብቻ አይታወቅም።

አንዱን ኳስ በቅርብ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ የተቃራኒ ቡድን ልጅ ሳትሽከረከር የምትንሳፈፍ ሰርቪስ ላከች፤ እንዲህ ያለችው ኳስ አየር ላይ ስለምትወላውል የት እንደምትወርድ አትታወቅም። ልጄ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዳ ክንዷን ዘረጋች፤ ኳሷ የግራ ክንዷን ጠርዝ ነክታ ወደ ኋላ ሸሸች። ሴተሯ ጀርባዋን ለመረቡ ሰጥታ በሁለት እጇ ከታች ወደ ላይ ገፋ አደረገቻት። የክንፏ ልጅ ዘለለች፣ መታች፣ ብሎክ፣ ወለል። ነጥብ ለነሱ። ማታ ሠንጠረዡ ሲመጣ ልጄ ላይ «ቅበላ 1» ተጽፏል፤ ኳሷ ስላልወደቀች ስህተት አልተባለችም። ሴተሯ ላይ ምንም የለም። ሙሉውን ዕዳ የተሸከመችው የመታችው ልጅ ነች፤ ሙከራ 1፣ ስህተት 1። ልጄን ጠየቅኳት። «እሱማ የኔ ነው፤ አባዬ፣ ያንን ኳስ ማን ቢመታው ነው?» አለች።

የተገላቢጦሹም አለ። ቡናውን የቀዳች ትመሰገናለች፣ ቆልታ ወቅጣ ያፈላችው ጓዳ ትቀራለች፤ ሊቤሮዋ ከወለል ያነሳቻት ኳስ፣ ሴተሯ አሳምራ ያደረሰቻት ኳስ፣ ስታዲየሙን የሚያስነሳው ኪል ሆና ለመቺዋ ትጻፋለች። ሴተሯ ቢያንስ አሲስት አላት። ግን አሲስትም ቢሆን የሚቆጠረው መቺዋ ካስቆጠረች ብቻ ነው፤ ያው ፓስ፣ ያው ከፍታ፣ መቺዋ ወደ ውጭ ካወጣችው ባዶ። በአንድ ጨዋታ 40 አሲስት ያላት ሴተር ጥሩ ሴተር ትሁን ወይስ ጥሩ መቺዎች ያሏት ሴተር፣ ቁጥሩ አይለይም። የሴተር ዋናው ሥራ ለማን ልስጥ የሚለው ውሳኔ ነው፤ ለውሳኔ ደግሞ ዓምድ የለውም።

ቅበላ ላይ አሰልጣኞች ውጤት ይሰጣሉ፤ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ከ0 እስከ 3 ነው። 3 ማለት ሴተሯ ከነሙሉ ምርጫዋ የምትጫወትበት ፓስ። 2 ሲሆን ምርጫዋ ይጠባል። 1 ሲሆን ያንን ከፍ ያለ ኳስ ከመወርወር ሌላ መላ የላትም። 0 ደግሞ ተቃራኒው ከሰርቪሱ በቀጥታ ያገኘው ነጥብ፣ ኤስ። አማካዩ ይወጣና 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉም ደስ ይለዋል።

ይህ አማካይ በጣም ያናድደኛል። 10 ኳስ ተቀብላ አሥሩንም 2 ያደረገች ልጅ አማካይዋ 2.0 ነው። 10 ተቀብላ ስድስቱን 3፣ አንዷን 2፣ ሦስቱን 0 ያደረገችም አማካይዋ 2.0 ነው። ደምሩት፣ 20 ለ10። ሁለተኛዋ ግን ሦስት ነጥብ በቀጥታ ለተቃራኒ ሰጥታለች። በዙር ውስጥ ሦስት ነጥብ ስንት እንደሆነ 25 ለ23 የተሸነፈ ሁሉ ያውቃል። በ0 እና በ1 መካከል ያለው ርቀት፣ በ2 እና በ3 መካከል ካለው ጋር እኩል አይደለም፤ መለኪያው ግን እኩል አድርጎ ይደምራቸዋል። እኔ አማካዩን ትቼ ዜሮዎቹን ነው የምቆጥረው።

ሌላም የተሸፈነ ነገር አለ። ተቃራኒ ቡድን ሰርቪሱን የሚልከው ደካማዋ ላይ ነው። ስለዚህ በጣም ጥሩዋ ተቀባይ የቅበላ ብዛቷ ያንሳል፤ ከእሷ ሸሽተው ሌላዋን ስለሚያጠቁ። ልጄ በአንድ ጨዋታ የተቀበለችው ኳስ እጅግ ጥቂት ሆኖ እናቷ «ዛሬ አልሠራሽም እንዴ?» ብላት ነበር። ልጅቷ ሳቀች። ከጎኗ የቆመችው ልጅ ግን ስታለቅስ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

ሰርቪስ ላይ ከሌሎች ወላጆች ጋር አልስማማም። አንዲት ልጅ ሰርቪሷን መረብ ውስጥ ስትከት ከመቀመጫው የሚነሳው ጩኸት ልክ ቅጣት ምት የሳተች ያስመስላታል። ሒሳቡን ግን እዩት። አሁን ባለው አቆጣጠር ማንም ይምታ ማን እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ አለው። ተቀባዩ ቡድን የመጀመሪያውን ጥቃት ስለሚያደርስ ብልጫው የእሱ ነው። ከ10 ኳስ 6ቱን ተቀባዩ ያሸንፋል እንበል። ስለዚህ ሰርቪስ የምትመታ ልጅ ገና ኳሷን ሳትነካ ነጥቡን የማግኘት ዕድሏ ከ10 አራት ነው። ብትስት የጠፋው ሙሉ ነጥብ አይደለም፤ አብዛኛውን ቀድሞውንም አልነበራትም። የጠፋው 0.4 ነው። ኤስ ብታደርገው ደግሞ ያተረፈችው 0.6። ሁለት ኤስ ለሦስት ስህተት፣ ሒሳቡ እኩል ነው። የተቃራኒው ቅበላ እየበረታ ሲሄድ ስህተቱ የበለጠ ይረክሳል፤ ተቀባዩ ከሦስት ሁለቱን በሚያሸንፍበት ጨዋታ ለአንድ ኤስ ሁለት ስህተት ኪሳራ የለውም። ታላላቆቹ የወንዶች ቡድኖች ዘለው በሙሉ ኃይላቸው ሲመቱና ደጋግመው ሲስቱ አሰልጣኞቻቸው የማይቆጡት ለዚህ ነው።

እሱም ቢሆን ያልተቆጠረ ነገር ቀርቶት ነው። ጠንካራ ሰርቪስ ኤስ ባይሆን እንኳ የተቃራኒውን ፓስ ያበላሻል። ፓሱ ሲበላሽ ሴተሯ ወደ ግራ ከፍ አድርጋ ትወረውራለች፣ የኛ ብሎክ ቀድሞ ይጠብቃል፣ ነጥቡ ለብሎኳ ይጻፋል። ሰርቪስ የመታችው ልጅ ስም ላይ የቀረው ተራ ሙከራ ነው። ከኔ የምትለዩ ከሆነ በሚቀጥለው ጨዋታ የብሎክ ነጥብ ባያችሁ ቁጥር ሰርቪሱን ማን እንደመታው ወደ ኋላ ተመልከቱ።

እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ሆኜ፣ በኖራ በተሰመረ የአፈር ሜዳ ላይ ስንጫወት፣ አቆጣጠሩ ሌላ ነበር። ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የያዘው ቡድን ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ካሸነፈ ሰርቪሱን ይወስዳል እንጂ ነጥብ የለውም። ዙሩ በ15 ያልቃል። ያልቃል ማለት ነው እንጂ አንዳንዱ አያልቅም ነበር፤ ሰርቪሱ ከወዲህ ወዲያ ሲመላለስ ሰሌዳው ሳይነቃነቅ የምሳ ሰዓት ይደርሳል። በዚያ ሕግ ሰርቪስ መሳት ተራህን እንጂ ነጥብ አያስከፍልህም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ዓለም አቀፉ ሕግ ወደ አሁኑ 25 ነጥብ ሲዛወር የሰርቪስ ስህተት ዋጋም፣ የሁሉም ቁጥር ትርጉምም አብሮ ተቀየረ። የኔን ዘመን ሰው ከአሁን ልጅ ጋር በቁጥር ማወዳደር አይቻልም። በዚያ ላይ እኛ ቁጥር የሚጽፍልን አልነበረም። የሙገር ሲሚንቶ ቡድን ሲጫወት ልናይ ስንሄድም ማታ በሬዲዮ የምንሰማው 3 ለ1፣ 3 ለ0 የሚለውን ብቻ ነበር።

እዚህ አገርም ቁጥር ሲለዋወጥ ያየሁት የኮሌጅ መዛግብትን ሳገላብጥ ነው። ጨዋታ በሦስት ዙርም በአምስትም ስለሚያልቅ ቁጥሩ የሚሰላው በዙር ነው፤ ኪል በዙር፣ ዲግ (ከተጋጣሚ ምት የተነሳ ኳስ) በዙር። ይህ ትክክል ነው። ግን የኮሌጅ ሴቶች ዙር እስከ 2007 ድረስ በ30 ነጥብ ነበር የሚያልቀው፤ ከ2008 ጀምሮ በ25 ሆነ። ዙሩ ሲያጥር የሁሉም ልጅ ኪል በዙር ወረደ። ይህን የማያውቅ ሰው የድሮዎቹ ሁሉ ጀግኖች ነበሩ ይላል።

ነጥብ ራሱ እንኳ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጆች የአንዲትን ልጅ ጠቅላላ ነጥብ የሚያወጡት ኪል፣ ኤስና ብቻዋን ያደረገችውን ብሎክ ደምረው፣ ከሌላ ጋር ሆና ያደረገችውን ብሎክ ደግሞ ግማሽ አድርገው ነው። የግማሽ ነጥብ አመጣጡ ይህ ነው። ሦስት ልጆች አብረው ዘለው አንድ ኳስ ቢያወርዱ ለሦስቱም ግማሽ ግማሽ ይጻፋል፤ የተገኘው አንድ ነጥብ፣ የተጻፈው አንድ ተኩል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ሳይ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ትልልቅ ቁጥሮች ሲወሩም እንዲሁ ነው። በ2015 አዘርባጃናዊቷ ፖሊና ራሂሞቫ በጃፓን ሊግ በአንድ ጨዋታ 58 ነጥብ አስቆጠረች፤ ዓለም ጉድ አለ፣ ጉድም ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ስለ አንዲት ልጅ ክንድ የሚናገረውን ያህል፣ ኳሱን ሁሉ ከውጭ ለመጣች አንዲት መቺ ስለሚሰጥ የአጨዋወት ስልትም ይናገራል። በፓሪስ 2024 የኦሊምፒክ ፍጻሜ ጣሊያን አሜሪካን 3 ለ0 ስትረታ ፓኦላ ኤጎኑ 22 ነጥብ አስቆጥራ የውድድሩ ኮከብ ተባለች። ከቤተሰቧ ናይጄሪያዊነት የተነሳ እኛ ቤትም ጭብጨባው ደመቅ ያለ ነበር፤ እዚያው ቡድን ውስጥ ግን ልጄ ዓይኗን ያልነቀለችው ከሞኒካ ዴ ጄናሮ ላይ ነው። 37 ዓመቷ፣ ከመቺዎቹ አጠገብ ስትቆም አጭር የምትመስል ሊቤሮ። የውድድሩ ምርጥ ሊቤሮ ተብላ ተመርጣለች። የነጥብ ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ግን ስሟን አያገኘውም።

እንዲያ ባለ ደረጃ የሚጫወቱ ቡድኖች እኔ የማማርርበትን ነገር ድሮ አልፈውታል። ሜዳው ጠርዝ ላይ ላፕቶፕ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አላቸው፤ ጣሊያን ሠራሹ ዳታ ቮሊ የሚባለው ፕሮግራም ላይ እያንዳንዷን ንክኪ በኮድ ይመታታል። የተጫዋቿ ቁጥር፣ የንክኪው ዓይነት፣ ከዚያ ጥራቱ። የተዋጣለት ንክኪ # ይሰጠዋል፣ ስህተት =፣ በመካከል ደግሞ +፣ !፣ - እና / አሉ። እዚያ ላይ ያቺ የልጄ የክንድ ጠርዝ ኳስ አትደበቅም፤ መጥፎ ቅበላ መሆኗ ይጻፋል፣ የመቺዋ ስህተትም መጥፎ ቅበላን ተከትሎ የመጣ መሆኑ ይታያል። ስለዚህ አሰልጣኙ «ይህች ልጅ ፓሱ ሲያምር ስንት ታስቆጥራለች፣ ሲበላሽስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ሰንሰለቱን ይዘህ ስታነብ ብቻ ነው ቁጥሩ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው።

እኛ ጋ ሰንሰለት የለም። የሚመዘግበው ታብሌት የተሰጠው ተማሪ ነው፤ አንዳንዴም ያልተሰለፈች ተጫዋች። ልጆች ናቸው፣ ጓደኞቻቸውን ይወዳሉ። ዲግ የሚባለው ተጋጣሚ የመታውን ኳስ ጨዋታው እንዲቀጥል አድርጎ ማንሳት ነው፤ ለስልሳ የመጣች ኳስም፣ እንደ ጥይት የመጣች ኳስም ያው አንድ ዲግ ነች። ለእንግዳ ቡድን እጁ የሚያጥር መዝጋቢ ለራሱ ቡድን ይለግሳል። በየክልሉ ያሉ አሰልጣኞች ራሳቸው ማክስፕሬፕስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚያስገቡትን ቁጥር ሳይ፣ የአንዱን ትምህርት ቤት 20 ዲግ ከሌላው 20 ዲግ ጋር አላወዳድርም። አንድ ጊዜ እዚህ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ የተጫወትነውን ጨዋታ የነሱና የኛ መዝገብ ይዤ ሳስተያይ የአንዲት ልጅ ዲግ በአንዱ ላይ ከሌላው በብዙ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም መዝጋቢ ያየው አንድ ጨዋታ ነው።

ከሁሉም የባሰው ግን ያልተነካችው ኳስ ነች። በሁለት ልጆች መካከል የወደቀች ሰርቪስ የማንም አይደለችም ተብላ ለቡድኑ ትጻፋለች። ራቅ ካለ ቦታ ሮጣ፣ ተወርውራ፣ በጣቷ ጫፍ የነካቻት ልጅ ግን ስህተቱ በስሟ ሊመዘገብ ይችላል። ቆማ ያየቻት ንጹሕ ናት። ይህን የተረዳች ብልጥ ልጅ ምን እንደምታደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ሳይ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ስህተቷ በጣም ትንሽ የሆነ የኋላ መስመር ተጫዋች ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እግሯን ነው።

ይህን ሁሉ የማነሳው ዝም ብዬ አይደለም። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፤ ኮሌጅ መጫወት ትፈልጋለች። የሴቶች መረብ ኳስ እዚህ ቀልድ አይደለም፤ በነሐሴ 2023 ማብቂያ ላይ ኔብራስካ ውስጥ በአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም በተደረገ የኮሌጅ ጨዋታ 92,003 ተመልካች ተገኝቷል። ያ ቁጥር ማብራሪያም አይፈልግ። እና ለኮሌጅ አሰልጣኞች ኢሜይል እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ የዲጓንና የቅበላዋን ቁጥር አሳምሬ በሠንጠረዥ አዘጋጅቼላት ነበር፤ ሙያዬ ነዋ። ያነጋገርናቸው አሰልጣኞች ሁሉ ግን የሚሉት አንድ ነው፤ ቪዲዮ ላኩ፣ ከተቻለም ያልተቆረጠ ሙሉ ዙር።

ስለዚህ አሁን የምንጨቃጨቀው በቪዲዮው ላይ ነው። እኔ ወለል ላይ ተዘርግታ ያነሳቻቸውን ኳሶች እንድታስቀድም እፈልጋለሁ፤ ያምራሉ። እሷ ግን ካስገባቻቸው አንዱ ኳስ ያልነካችበት ነው። ተቃራኒዋ መቺ ስትዘል ልጄ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብታ ማዕዘኑን ትዘጋለች፤ መቺዋ ታያታለች፣ ክንዷን ታዞራለች፣ ኳሷ ከመስመሩ ውጭ አንድ ስንዝር ያህል ርቃ ትወድቃለች። በሠንጠረዡ ላይ የዚያች መቺ ስህተት ነው፤ ከኛ በኩል የማንም ስም የለበትም።

«ይህን ማን ይረዳልሻል? ቁመሽ እያየሽ እኮ ነው የሚመስለው» አልኳት።

«አሰልጣኝ ከሆነ ይገባዋል» አለች። «ካልገባው ደግሞ እሱ ጋ ሄጄ ምን እሠራለሁ?»

ሁለተኛ ላይ አስገብታዋለች። እኔ አሁንም ወደ አምስተኛ ይውረድ ባይ ነኝ።